አሥሩ ጥያቄ ቡታጅራ ሲደርስ፦ የአንድ መጠይቅ የጉዳይ ጥናት

ሰሞኑን የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እያነበብኩ ነበር። ምዕራፍ ሦስት ላይ ስደርስ የማውቃት አንቀጽ ጠበቀችኝ። «መጠይቁ በውጭ አገር ተፈትሾ የተረጋገጠ ነው። ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። የክሮንባክ አልፋ ውጤቱም ከ0.7 በላይ ነው።» (አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳይ ቁጥር ነው።) ከዚያ በቃ፣ ወደሚቀጥለው ርዕስ። ይህቺን አንቀጽ ስንት ጽሑፍ ላይ እንዳገኘኋት ቆጥሬ አላውቅም። እኔም በተራዬ ጽፌያታለሁ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎች ስለ ልኬት ሲጠይቁኝ የማወራላቸው አንድ ጉዳይ አለ። የተሠራው እዚሁ አገራችን ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በሌላው ዓለም የተመሰከረለት መጠይቅ ገጠር ገብቶ እንዴት እንደተሰናከለ ያሳያል። የሰዎቹን ስም ትቼ ነገሩን ብቻ ልጻፈው።

መነሻው

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በርበሬና ጫት ይበቅልባታል። በዙሪያዋ ባለው ገጠር አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። የጤና ተመራማሪዎች ደግሞ በሌላ ነገር ያውቋታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየተከታተለ የመዘገበው እዚያ ነው። በገጠር የአእምሮ ጤና ላይ ከተሠሩት ጥናቶቻችንም ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው።

የተመራማሪዎቹ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እናት በእርግዝና ወይም በአራስነት ጊዜ በድብርትና በጭንቀት ብትያዝ ሕፃኑ ይጎዳል ወይ? ከሕንድና ከፓኪስታን የወጡ ጥናቶች የእናት ድብርት ከሕፃኑ እድገት መጓደል ጋር እንደሚያያዝ አሳይተው ነበር። እኛስ ጋ?

ይህን ለመመለስ ብዙ እናቶችን መከታተል ያስፈልጋል። በኋላ የተካሄደው ዋናው ክትትል ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ያካተተ ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው የአእምሮ ሐኪም ከየት ይመጣል? በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያለው አማራጭ አንድ ነው። የአካባቢው መረጃ ሰብሳቢ ይዞት የሚዞር፣ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ መጠይቅ። ታዲያ የትኛው?

ሁለቱ እጩዎች

አንደኛው ከስኮትላንድ የመጣ ነው። የኤድንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መለኪያ ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። 10 ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዳቸው አራት አማራጭ አላቸው፣ ከ0 እስከ 3 ነጥብ። ድምሩ እስከ 30 ይደርሳል። የሚጠይቀው ስላለፉት 7 ቀናት ነው። በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ አራስ እናቶችን በሚመለከት ሥራ ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ስም እሱ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ነው። 20 ጥያቄ አለው። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ። ስላለፉት 30 ቀናት ይጠይቃል። ለአራሶች ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም፤ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ለማንኛውም አዋቂ እንዲያገለግል የታሰበ ነው።

በወረቀት ላይ ቢወዳደሩ ማንም የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ለአራስ ተብሎ ተሠርቷል፣ አጭር ነው፣ ዝናም አለው።

ልዩነታቸውን የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። የኤድንብራው መለኪያ ሆን ብሎ የአካል ምልክቶችን ትቷል። ምክንያቱ ብልህ ነው። የወለደች ሴት በድብርት ባትያዝም ይደክማታል፣ ምግብ ሊያስጠላት ይችላል። እነዚህን ብትቆጥር ጤነኛዋን ሁሉ ታማሚ ታደርጋለህ። ሌላኛው ግን አካልን በደንብ ይጠይቃል። ራስ ምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የምግብ አለመፈጨት፣ ሆድ ውስጥ የሚሰማ ምቾት የሌለው ስሜት፣ ሁልጊዜ መድከም።

ችግሩ ከየት ይጀምራል

የሚቀጥለው ትንታኔ የእኔ ንባብ ነው፤ ከተመራማሪዎቹ የወሰድኩት አይደለም። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እያመጣሁ ጮክ ብዬ ሳነባቸው የታየኝ ነው።

የኤድንብራው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ መሳቅ ነው፤ የነገሮችን አስቂኝ ጎን ማየት ችለሻል ወይ ይላል። አማራጮቹ ወደ አማርኛ ሲመጡ እንዲህ ይሆናሉ፦ «እንደ ድሮዬ ነኝ»፣ «እንደ ድሮዬ ያህል አይደለም»፣ «በእርግጥ እንደ ድሮዬ አይደለም»፣ «ጭራሽ አልችልም»። እስቲ ይህን ልጇን እያጠባች ለተቀመጠች ሴት አንብቡላት። ሦስተኛው አማራጭ ላይ ስትደርሱ አንደኛውን ረስታዋለች። ሁለተኛውና ሦስተኛው በምን እንደሚለያዩ እኔም በቅጡ አልገባኝም። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ስትሄዱ ደግሞ አማራጮቹ ተቀይረው ይጠብቋችኋል። መጠይቁ የተሠራው ራሷ አንብባ እንድትሞላው ነውና ለዚያ ችግር የለውም። ማንበብ የማትችል እናት ቤት በቃል ሲጠየቅ ግን ሌላ መጠይቅ ይሆናል።

ቀጥሎ «ያለ በቂ ምክንያት» የምትለዋ ሐረግ አለች። ያለ በቂ ምክንያት ተጨንቀሻል ወይ፣ ያለ በቂ ምክንያት ፈርተሻል ወይ ትላለች። ዝናብ የዘገየበት፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ የሄደባት፣ ያለፈውን ልጇን የቀበረች ሴት ምን ትመልስ? «ምክንያትማ ሞልቷል!» ብትል ትክክል ናት። ለመለኪያው ግን «አልተጨነቅኩም» እንዳለች ይቆጠርላታል። በጣም የተቸገረችው እናት ዝቅተኛ ነጥብ የምታገኝበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ስድስተኛው ጥያቄ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው። ነገሮች በላይሽ ላይ እየወጡ ነው ወይ ይላል፣ ቃል በቃል ከወሰድነው። በአማርኛ ምንም አይልም። «ነገሮች ከአቅሜ በላይ ሆኑብኝ» ብለህ ልታድነው ትችላለህ። ግን የገጠር ሴት ኑሮ መቼ ነው ከአቅም በላይ ያልሆነው?

ሌላም አለ። እኛ አገር «እንዴት ነሽ?» ሲባል የሚመለሰው «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ሕፃን በሰላም ወልዳ ያቀፈች ሴት ለማታውቀው ሰው «ደስታ የለኝም» ማለት በፈጣሪ ላይ ማማረር ሊመስላት ይችላል። ራሷን ስለመጉዳት አስባ እንደሆነ ስትጠየቅማ ኃጢአቱም ሐፍረቱም አብሮ ይመጣል። ግን «ራስዎን ያምዎታል?» በሏት። ያለምንም ይሉኝታ ትመልሳለች። ራስ ምታት ነውር የለበትም። ሐዘኗን በልቧ፣ በሆዷና በራሷ በኩል ነው የምትናገረው። «ሆዴ ባሰኝ» የምንል ሰዎች ነን እኮ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ነገር በብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የማይደረገውን ነው። አንዱን መጠይቅ በዝናው መርጠው አልገቡም። ሁለቱን ጎን ለጎን ፈተኑ።

ፈተናው አምስት በር ነበረው። የመጀመሪያው የትርጉም ነው፤ ቃሉ በአማርኛ ያንኑ ነገር ይላል ወይ። ሁለተኛው የይዘት ነው፤ የሚጠየቀው ነገር በዚያ አካባቢ የሕመሙ አካል ነው ወይ። ሦስተኛው የአጠያየቅ ነው፤ በቃል ሲጠየቅና አማራጭ ሲቀርብ መለኪያው ይበላሻል ወይ። አራተኛው የመስፈርት ነው፤ ውጤቱ ከተሻለ ምርመራ ጋር ይስማማል ወይ። አምስተኛው የጽንሰ ሐሳብ ነው፤ ጥያቄዎቹ ተባብረው ይለካሉ የተባለውን ነገር ይለካሉ ወይ።

አራተኛው በር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉልበት የሚጠይቀው እሱ ነው። መጠይቁን የመለሱት ሴቶች በአእምሮ ሐኪም ሰፋ ባለ የምርመራ ቃለ መጠይቅ እንደገና ታዩ። የሐኪሙ ፍርድ እንደ ዳኛ ተወሰደ፤ መጠይቁ ከዳኛው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ተሰላ። በመጀመሪያው ዙር 101 ሴቶች ነበሩ። ሁለቱም መጠይቆች ተፈተኑ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ በ119 ሴቶች ላይ የ20 ጥያቄው ብቻ እንደገና ተፈተነ። የኤድንብራው ለምን እንደቀረ ከውጤቱ ይታያል።

ውጤቱ

መለኪያዎቹ የተመዘኑበት ቁጥር እንዲህ ነው የሚነበበው። ሐኪሙ «ታማለች» ካላቸው ሴቶች አንዷን፣ «ጤነኛ ናት» ካላቸው አንዷን በዕጣ አውጡ። የታመመችዋ በመጠይቁ ከፍ ያለ ነጥብ የማግኘቷ ዕድል ስንት ነው? ፍጹም መለኪያ 1 ያመጣል። ሳንቲም መወርወር 0.5 ያመጣል።

የኤድንብራው መለኪያ 0.62 አመጣ። የእርግጠኝነት ወሰኑ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል፣ ከ0.49 እስከ 0.76 ነው። 0.5 ወሰኑ ውስጥ ገብቷል። በሌላ አነጋገር፣ ዓለም የሚያውቀው መለኪያ ቡታጅራ ገጠር ላይ ከሳንቲም መሻሉን በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም።

የ20 ጥያቄው 0.82 አመጣ። በሁለተኛው ዙር 0.70። የመጀመሪያው ቁጥር ያስደስታል፣ ሁለተኛው ትንሽ ያቀዘቅዛል። ቢሆንም በሁለቱም ዙር ወሰኑ ከ0.5 በላይ ነው። በአምስቱም በር ሲታይ የተሻለው እሱ ሆነ።

ያልሠራው

ብዙ ሰው ጉዳዩን ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል። «የኤድንብራው ወደቀ፣ ሌላው አለፈ።» የእኔ ተወዳጅ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

መጠይቅ ሲሠራ መቁረጫ ነጥብ ይፈለጋል። ከዚህ ቁጥር በላይ ያመጣች ታማለች፣ በታች ያመጣች ደህና ናት የሚባልበት መስመር። በመጀመሪያው ዙር የተሻለው መስመር 3 ሆነ። በሁለተኛው ዙር 7።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። 5 ያመጣች ሴት በመጀመሪያው ዙር ሕመምተኛ ናት። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ጤነኛ። አካባቢው ያው፣ ቋንቋው ያው፣ ጥያቄው ያው። እንግዲህ «በቡታጅራ ከመቶ እናት ይህን ያህሉ በድብርት ተይዘዋል» ብሎ ለመናገር የትኛውን መስመር ልትጠቀም ነው? በ3 ብትቆርጥ ቁጥሩ ይነፋል፣ በ7 ብትቆርጥ ይሟሽሻል። ሁለቱም ጋዜጣ ላይ ቢወጡ የሚያምኗቸው አንባቢዎች ያገኛሉ።

ተመራማሪዎቹ እዚህ ላይ ሐቀኛ ነበሩ። መጠይቁ ታማሚን ከጤነኛ በመስመር ለመለየት ብቁ መሆኑ አልተረጋገጠም አሉ። የሚያገለግለው ነጥቡ ከፍና ዝቅ እያለ የጭንቀቱን መጠን ሲያሳይ ነው። የሴቶቹ ቁጥር ማነሱ የመቁረጫ ነጥቡን ግምት እንደገደበውም ጽፈዋል።

አንድ ነገር ከእኔ። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው የሐኪሙ ቃለ መጠይቅም ራሱ መለኪያ ነው፣ እሱም ከአውሮፓ የመጣ። እንዲህ ስል ሥራው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሠልጥኖ፣ ቋንቋውን አውቆ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጠይቅ ሐኪም ከአሥር ጥያቄ ይሻላል። ግን «የወርቅ መለኪያ» የሚለውን ስም ስንሰማ ወርቁንም ማን እንደመዘነው መጠየቅ ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው።

ከተማ ሲገባ

ታሪኩ ቡታጅራ ላይ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌላ ጥናት ታተመ። ያው የኤድንብራ መለኪያ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ልጆቻቸውን ለክትባት ይዘው በመጡ እናቶች ላይ ተፈተነ። እዚያ ሠራ። ተቀባይነት ባለው ደረጃ የታመሙትን ከጤነኞቹ ለየ። መቁረጫ ነጥቡ ግን እንግሊዝ አገር ከሚሠራበት ዝቅ ያለ ነበር።

አንድ አገር፣ አንድ የሥራ ቋንቋ፣ አንድ መጠይቅ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። ምክንያቱን «ከተማና ገጠር» ብሎ መዝጋት ያምራል፤ እኔ ግን አልደፍርም። የትምህርት ደረጃው ይለያል፣ ከቅጽ ጋር ያለው ትውውቅ ይለያል፣ የተጠየቁበት ቦታና ሁኔታም እንዲሁ። የትኛው የቱን ያህል እንደሠራ ከሁለት ጥናት መለየት አይቻልም። ለእኔ የቀረልኝ ነገር ሌላ ነው። «ይህ መጠይቅ በኢትዮጵያ ተረጋግጧል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የት፣ በማን ላይ፣ እንዴት ተጠይቆ የሚሉት ካልተከተሉት ምንም አይነግረኝም።

ለሌላ ሥራ የሚወሰዱ ነጥቦች

ወደ ተማሪዬ አንቀጽ ልመለስ። በክፍል ውስጥ ሪላያቢሊቲ የምንለው አስተማማኝነት እና ቫሊዲቲ የምንለው ተገቢነት በዚያች አንቀጽ ውስጥ ተደባልቀዋል። ክሮንባክ አልፋ የሚናገረው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ነው። ስለ ምን እንደተስማሙ አይናገርም። አሥሩንም ጥያቄ በ«ተመስገን» መንፈስ የምትመልስ ሴት አስቡ። ጎረቤቷ ደግሞ በጣም ግልጽ ናት እንበል፤ ለሁሉም ችግሯን ትዘረግፋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሉኝታ እንጂ ሕመም ላይሆን ይችላል። አልፋው ግን ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። ይሉኝታን በአስተማማኝ ሁኔታ ለክተሃል ማለት ነው። ስለዚህ አልፋውን ጻፉት፣ ግን ተገቢነት በሚለው ርዕስ ሥር አትሸጉጡት።

መልሶ መተርጎምም ይህን አያድንም። አማርኛውን ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ከመጀመሪያው ጋር ቢገጥም የተፈተኑት ሁለት ተርጓሚዎች ናቸው፣ ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም እንግሊዝኛ የሚያውቁ። «ያለ በቂ ምክንያት» መልሳችሁ ብትተረጉሟት ያለ እንከን ትገጥማለች። ችግሯ የሚታየው እናትየዋ ጋ ስትደርስ ብቻ ነው።

ውጤታችሁ ደግሞ መቁረጫ ነጥብ ላይ ከተንጠለጠለ ያንን ነጥብ ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉ። ከሌላ አገር ከሆነ ነጥቡን አንድ ሁለት ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ መቶኛው ምን ያህል እንደሚቀያየር አሳዩ። በጣም ከተቀያየረ አንባቢው ማወቅ አለበት። አንዳንዴ ጭራሽ ሳይቆርጡ ድምሩን እንዳለ መጠቀም ይሻላል።

ስለ «ግንኙነት አልተገኘም» የሚል ውጤትም አንድ ነገር። በኋላ በቡታጅራ በተካሄደው ክትትል የእናት ጭንቀትና ድብርት ከሕፃናቱ የምግብ እጥረት ጋር ግንኙነት እንዳለው ማስረጃ አልተገኘም፤ ከደቡብ እስያው የተለየ ነው። ይህን ውጤት ስናነብ ቢያንስ መለኪያው አስቀድሞ እንደተፈተነ እናውቃለን። በ0.62ቱ መለኪያ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ግንኙነቱ ስለሌለ ነው ወይስ መለኪያው ስላላየው ነው የሚለውን መለየት አይቻልም ነበር። ደካማ መለኪያ ያለውን ግንኙነት ያደበዝዛል።

አቅም የሌለው ተማሪ የአእምሮ ሐኪም ቀጥሮ 101 ሰው ማስመርመር እንደማይችል አውቃለሁ። የሚችለው ግን አለ፣ ምሳሌውም እዚሁ አገር አለ። ይኸው የ20 ጥያቄ መጠይቅ ቀደም ብሎ በሌሎች ተመራማሪዎች ተፈትሾ ነበር፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ታትሟል። እነሱ የመላሹን አዎና አይደለም ብቻ መዝግበው አልሄዱም። ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳው፣ ለምንስ እንደዚያ እንደመለሰ ጠየቁ። ጥያቄውን አለመረዳት አንድ ችግር ሆኖ ወጣ። ሌላው ደግሞ የመላሹ የራሱ ፍላጎት ነው፤ እርዳታ የሚጠብቅ ሰው አመላለሱ ይለያል። ከዓመታት በኋላ መጠይቁ ለኢትዮጵያውያን እንዲስማማ ሲሻሻል፣ ወደ እስራኤል ለሄዱት ወገኖቻችን ጭምር፣ አገርኛ አነጋገሮች የገቡበት በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው።

ለተማሪዬም የመለስኩለት ይህንኑ ነው። መረጃ ከመሰብሰብህ በፊት ናሙናህን ከሚመስሉ ሰዎች ጥቂቶቹ ጋ ሂድ። ጥያቄውን አንብብላቸው። ከመለሱልህ በኋላ «ይህን ስልዎት ምን መሰለዎት?» በላቸው። ያሉህን በራሳቸው ቃል ጻፈው፣ አታሳምረው። እሱም «ስንት ገጽ ይፈጃል?» አለኝ። አንድ ገጽ አልኩት።